ፓርቱላ ቶሂቬያና፦ ጠፍቶ የተመለሰው ቀንድ አውጣ

ሞሬያ በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ከታሂቲ ደሴት ማዶ ያለች፣ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረች የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ደሴት ናት። ፓርቱላ ቶሂቬያና የተባለው ቀንድ አውጣ በተፈጥሮው የሚኖረው እዚህችው ደሴት ላይ ብቻ ነው።

ቅርፊቱ ቢበዛ ሁለት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቀኑን እርጥበት በማያጣው ሸለቆ ውስጥ ከቅጠል ሥር ተለጥፎ ይውላል። ሲመሽ ወይም ዝናብ ሲጥል ወጥቶ የበሰበሰ ቅጠል፣ ዋቅላሚና ሻጋታ ይለቃቅማል። የገበሬ አትክልት አይነካም። እንደ ብዙዎቹ ቀንድ አውጣዎች እንቁላል ጥሎም አይሄድም፤ ይወልዳል። ያውም አንድ በአንድ፣ በሳምንታት ልዩነት። ልጁ ከነቅርፊቱ ነው የሚወጣው።

ጣጣው የመጣው ከውጭ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትልቁ የአፍሪካ ቀንድ አውጣ ለምግብ ተብሎ ታሂቲ ገባ። መነሻው የኛው የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ነው። በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ስለሚጥል ወዲያው ማሳ ወረረ። ከዚያ እሾህን በእሾህ ተባለና ዩግላንዲና ሮዚያ የተባለ፣ ሌሎች ቀንድ አውጣዎችን የሚበላ የፍሎሪዳ ዝርያ ተለቀቀ። ሞሬያ የደረሰው በ1977 ነበር። ይህ አዳኝ የሌላውን የልጋግ ፋና እየተከተለ ነው የሚያድነው። ችግሩ፣ ትልቁን የአፍሪካ ቀንድ አውጣ ትቶ ትንንሾቹን ፓርቱላዎች ጨረሳቸው። ቀስ ብሎ የሚወልድ እንስሳ ደግሞ እንዲህ ያለ ጠላት ሲመጣበት መተኪያ የለውም። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆን ከሞሬያ ጫካ ፓርቱላ ቶሂቬያና ጠፋ።

ተመራማሪዎች ቀድመው የተወሰኑትን ሰብስበው ባይሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እነዚያ ጥቂቶች በለንደን፣ በኤደንብራና በሌሎች ከተሞች መካነ አራዊት ውስጥ ሙቀትና እርጥበት በሚስተካከልላቸው ሣጥኖች እየተዋለዱ በዙ። ከ2015 ጀምሮ ዘሮቻቸው ወደ ደሴቶቻቸው እየተመለሱ ነው። ከመለቀቃቸው በፊት ቅርፊታቸው ላይ የቀለም ነጥብ ይደረግላቸዋል፤ በኋላ ለመለየት።

በ2024 ታዲያ ነጥብ የሌላቸው አዋቂ ፓርቱላ ቶሂቬያናዎች ሞሬያ ላይ ተገኙ። ጫካ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ማለት ነው። ዝርያውም «ከዱር የጠፋ» ከሚለው ምድብ «በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ያለ» ወደሚለው ተዛወረ። ሹመት አይመስልም፤ ለሱ ግን ትልቅ ሹመት ነው። ዩግላንዲናም የሚበላው ሲያልቅበት ቁጥሩ አሽቆለቆለ እንጂ ከደሴቷ ጨርሶ አልወጣም።