ኪቦርዱ ጤነኛ ነው፦ ስለ አቋራጭ ቁልፎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ፒያሳ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ሳምንት አያልፍም፣ አንድ ሰው ኪቦርድ በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣና «አማርኛ እየጻፍኩ በራሱ ወደ እንግሊዝኛ ይሄድብኛል፤ ቫይረስ ሳይገባበት አይቀርም» ይለኛል።

«ቫይረስ ነው» ወይም «ኪቦርዱ ተበላሽቷል»

ሁለቱም አይደለም። ዊንዶውስ ላይ ከአንድ በላይ ቋንቋ ከተጫነ የግራ አልት እና ሺፍት አብረው ተጭነው ሲለቀቁ ቋንቋው ይቀየራል። እንዲህ አብረው ተጭነው ትእዛዝ የሚሰጡ ቁልፎች አቋራጭ ይባላሉ። ሲሠራም እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው። ታዲያ ዎርድም እነዚሁኑ ሁለት ቁልፎች ይፈልጋቸዋል፤ ከላይ ቀስት ጋር ሲጫኑ አንቀጹን ወደ ላይ ያወጣሉ። ግጭቱ እዚህ ነው።

አንዲት ማመልከቻ ጸሐፊ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥተው መጡ። ሁለት ኪቦርድ ገዝተዋል። አንድ ባለሙያ ነኝ ባይም ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጎ ገንዘባቸውን ተቀብሏል፤ ችግሩ ግን በሦስተኛው ቀን ተመልሷል። «ወላሂ፣ ምንም አልነካሁም» አሉኝ። «እትዬ፣ እስቲ እንደ ሁልጊዜው ይጻፉ» ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የክሱን አራተኛ ነጥብ ወደ ሦስተኛ ሊያወጡ ግራ እጃቸው አልትና ሺፍትን ያዘ። ቀኝ እጃቸው ቀስቱ ጋ ሳይደርስ ሐሳባቸውን ቀየሩና ለቀቁት። ቀጥሎ የጻፉት «ከሳሽ» በላቲን ፊደል ወጣ። ቫይረሱ ይኸው ነበር!

መፍትሔው ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ የቋንቋና የኪቦርድ ክፍሉን ክፈቱ፤ የላቁ የኪቦርድ ምርጫዎች ውስጥ ቋንቋ መቀያየሪያ አቋራጮቹን ታገኛላችሁ፤ አልትና ሺፍትን ከዚያ ሰርዙ። ቋንቋ ለመቀየር የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ይበቃል። ኪማን በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ኪማንም የራሱን አቋራጭ ሊይዝ ስለሚችል ውስጡን ተመልከቱ። ደግሞ እባካችሁ ኪቦርዱን ብቻ ነቅላችሁ አታምጡልኝ፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። እዚያ በደንብ ከጻፈ ጉዳዩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

«ፊት ለፊቴ የተከፈተው ፕሮግራም ቁልፉን ቀድሞ ያገኛል»

ይህን የሚሉኝ ኮርስ የወሰዱት ናቸው። የተጫናችሁት ቁልፍ መጀመሪያ የሚደርሰው ለዊንዶውስ ነው። ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራምም አንድን አቋራጭ በስሙ ማስመዝገብ ይችላል። ቀድሞ ያስመዘገበ ይወስዳል፣ ዘግይቶ የጠየቀው ይከለከላል። ብዙዎቹ መከልከላቸውን እንኳ አይናገሩም፤ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ትናንት ይሠራ የነበረ አቋራጭ ዛሬ እምቢ ካለ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሌላ ፕሮግራም ቀድሞት ሊሆን ይችላል። ከሰዓቱ አጠገብ የተደረደሩትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ እየዘጋችሁ ፈትኑ። ኮንትሮል፣ አልት እና ዲሊት ግን ለማንም ተራ ፕሮግራም አይሰጥም። ሐሰተኛ የመግቢያ ገጽ የይለፍ ቃል እንዳይሰርቅ ሆን ተብሎ የታጠረ ነው።

«ስክሪኑ ተገልብጧል፤ መቀየር አለበት»

ቆየት ያሉ የኢንቴል ግራፊክስ ሶፍትዌሮች ኮንትሮልና አልት ከቀስት ጋር ሲጫኑ ምስሉን ያዞሩታል። እነዚሁ ሁለት ቁልፎች ከላይ ቀስት ጋር ሲጫኑ ይመለሳል። ላፕቶፑን ገልብጦ ጽሑፉን ሲያርም የከረመ ተማሪ አጋጥሞኛል።

«ኪቦርዱ ደነዘዘ»

የቀኝ ሺፍትን 8 ሰከንድ ይዛችሁ ለመጣው ጥያቄ «አዎ» ብላችሁ ይሆናል። ከተደራሽነት ምርጫዎች ውስጥ ፊልተር ኪይስን፣ ማለትም አጭርና ተደጋጋሚ ምቶችን ችላ የሚለውን ምርጫ፣ አጥፉ። ሺፍትን 5 ጊዜ ስትመቱ የሚመጣው ደግሞ ስቲኪ ኪይስ ነው፤ አብረው የሚጫኑ ቁልፎችን አንድ በአንድ ለመጫን የሚያስችል ምርጫ ነው።

«ኤፍ 2 ኤክሴል ላይ ሞቷል»

አልሞተም፤ ላፕቶፑ ለብርሃን ወይም ለድምፅ ወስዶታል። ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ ኤፍ 2ን ተጫኑ።