በአዲስ አበባ ዳርቻ የእናቶችና ሕፃናት ጤና በጀትና ዕቅድ

ከየካ አባዶ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቦሌ አራብሳ እስከ ጀሞ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ የምትኖር ነፍሰ ጡር አብዛኛውን ጊዜ ክትትል የምትጀምረው በአቅራቢያዋ ባለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። የእርግዝና ክትትል፣ ማዋለድ፣ የድኅረ ወሊድ እንክብካቤ፣ የቤተሰብ ዕቅድና የሕፃናት ክትባት ክፍያ አይጠየቅባቸውም። ወጪውን የሚሸፍነው የሕዝብ ገንዘብ ሲሆን፣ መጠኑ የሚወሰነው እሷ ገና ሳታረግዝ በተዘጋጀ የወረዳ ዕቅድ ነው።

ገንዘቡ ከአንድ ቋት አይመጣም። ደመወዝና ግንባታ ከከተማው በጀት ይወጣል፤ አዲስ አበባ እንደ ክልሎች የፌዴራል ድጎማ ስለማታገኝ የምትተማመነው በራሷ ገቢ ላይ ነው። ክትባትና የቤተሰብ ዕቅድ ግብዓቶች ደግሞ በጤና ሚኒስቴርና በአጋሮቹ ተገዝተው በኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በኩል ይከፋፈላሉ። ሦስተኛው ምንጭ የጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ በከፈተው መንገድ፣ ተቋማት ከካርድ፣ ከላቦራቶሪና ከመድኃኒት ሽያጭ የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለራሳቸው ሥራ ያውላሉ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ነፃ አገልግሎት የውስጥ ገቢ አያስገባም፤ ጓንት፣ አልኮልና በረኪና ግን ይጨርሳል። ብዙ እናቶችን የሚያዋልድ ጤና ጣቢያ ብዙ ያወጣል እንጂ ብዙ አያገኝም። የተመደበው ግብዓት አልቆ ቤተሰብ ጓንትና ግሉኮስ ከውጭ ገዝቶ እንዲያመጣ ሲነገረው አዋላጅ ነርሷን መውቀስ ይቀናዋል። ከእጇ ጓንት የጠፋው ግን ብዙ ጊዜ በጀቱ ሲሰላ ነው።

የዕቅዱ መነሻ የሕዝብ ቁጥር ነው። በወረዳ ተኮር ዕቅድ አሠራር መሠረት፣ የወረዳው ነዋሪ ቁጥር በተወሰነ ምጣኔ ተባዝቶ በዓመቱ የሚጠበቁ እርግዝናዎች፣ ወሊዶችና ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ይገኛሉ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከ2.7 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። ትንበያ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ቤተሰብ መቼ ጓዙን ጭኖ እንደሚገባ አያውቅም። ባለዕጣውም፣ ከመሀል ከተማ የቤት ኪራይ ያባረረው ወጣት ባለትዳርም ወደ ዳር ይወጣል፤ በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶች በአጭር ጊዜ ይበዛሉ። በአገሪቱ መስፈርት አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ የሚታቀደው ለ40,000 ሰው ነው፤ በእነዚህ ሰፈሮች ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር መስፈርቱን ያልፋል።

ይህን በዓይን ማየት ለሚፈልግ የክትባት ክፍሉ ግድግዳ ይበቃል። እዚያ የተለጠፈው የክትባት መከታተያ ሠንጠረዥ ከሐምሌ እስከ ሰኔ የተዘረጋ ነው፤ አንድ ሰያፍ መስመር የዓመቱን ግብ ያሳያል፤ ነርሷ በየወሩ አምስት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከለው የፔንታ ክትባት የመጀመሪያና የሦስተኛ ዙር፣ ማለትም የፔንታ 1ን እና የፔንታ 3ን ድምር በእስክሪብቶ እያገናኘች ትስላለች። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በ6ኛ ሳምንታቸው ጀምረው በ14ኛው ያልተመለሱትን ሕፃናት ይነግራል። ነዋሪው ከትንበያው በበዛበት ወረዳ ግን መስመሩ ዓመቱ ሳያልቅ ከግቡ በላይ ይወጣል። ሪፖርቱ ላይ ሽፋኑ ከመቶ በመቶ በላይ ተብሎ ይመዘገባል፤ ያልተከተቡ ሕፃናትም በዚያ አፈጻጸም ጀርባ ይደበቃሉ። ከዚህ የባሰ የዕቅድ ስህተት ያለ አይመስለኝም፤ ብዙ ሥራ ያለበት ወረዳ ግቡን ያሟላ መስሎ ይታያልና።

የአስተዳደር ወሰኑም ሌላ ውስብስብ ነገር ይጨምራል። በ2015 ዓ.ም. ኦሮሚያ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎን፣ ገላንንና ኮየ ፈጬን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን አካባቢዎች በሸገር ከተማ ሥር አዋቅሯል። ምጥ የያዛት ሴት ወሰን አትጠይቅም፤ የቀረባት በር ይከፈትላታል፤ መሆን ያለበትም ይኸው ነው። ሆኖም የሸገር ነዋሪ አዲስ አበባ ስትወልድ፣ ወይም የአዲስ አበባዋ ሸገር ስታስከትብ፣ በጀቱ ተከትሏት አይሻገርም።

ከነፃዎቹ ውጭ ላሉ ሕመሞች ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን አለ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ቀስ በቀስ የሰፋ ነው። አባልነቱ በቤተሰብና በሚኖሩበት ወረዳ ስለሆነ፣ መታወቂያውን ያላዛወረ ተከራይ ለመመዝገብ ይቸገራል።

አገሪቱ ያስመዘገበችው ለውጥ ቀላል አይደለም። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞትም ከ1,000 ከ166 ወደ 67። ብዙው የተሠራው ግን በውጭ ዕርዳታ እየተደገፈ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታውን ሲያቋርጥ ጥገኝነቱ ፍንትው ብሎ ታየ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። የአፍሪካ አገሮችም በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል።

ለዳርቻው ከሁሉ የቀረበው መፍትሔ በእጅ ያለ ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2002 ዓ.ም. ሲጀመር በነርስነት የሠለጠኑ ባለሙያዎችን ቤት ለቤት አሰማርቷል። ብሎኩን ፎቅ በፎቅ እየወጡ ማን እንዳረገዘች፣ የትኛው ሕፃን ክትባት እንደቀረበት ይመዘግባሉ፤ ቀን በሩ ዝግ የሆነበትን ቤት ቅዳሜ ይመለሱበታል። መዝገባቸው ከትንበያው ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ቆጠራቸው በየዓመቱ እስከ ጥር ተጠቃሎ የወረዳው ዕቅድ መነሻ ቢሆን፣ የአዋላጆች መደብም የጓንት ግዢም በእሱ ላይ ተመሥርቶ መጠየቅ ይቻላል።