የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ምንድን ነው? ከድባቴ ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብላ በአንገት ፊት ለፊት በሁለት ክንፍ የተዘረጋች ትንሽ ዕጢ ናት። ከምንበላው ምግብ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር እየወሰደች ሁለት ሆርሞኖችን ትሠራለች፦ አራት የአዮዲን አተም ያለውን ቲ-4 እና ሦስት ያለውን ቲ-3። የልብ ምት፣ የአንጀት እንቅስቃሴ፣ የሰውነት ሙቀት፣ የወር አበባ፣ በሁሉም የእነዚህ ሆርሞኖች እጅ አለበት። አንጎልም ከዚህ ውጭ አይደለም። ሆርሞኑ ሰውነት ከሚፈልገው በታች ሲወርድ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ይባላል፤ ያን ጊዜ አካልም ሐሳብም አብረው ይቀዘቅዛሉ።

ጎጃም ውስጥ ይህች ዕጢ በደንብ ትታወቃለች፤ የምትታወቀው ግን ስታብጥ፣ በእንቅርትነቷ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የደጋው አፈር ለዘመናት በዝናብ ሲታጠብ ኖሯል፤ ከጮቄ ተራራ የሚነሡት ወንዞች ወደ ዓባይ ሲወርዱ ከአፈሩ ጋር አዮዲኑንም ይዘውት ይሄዳሉ። አዮዲን ባነሰው ማሳ የበቀለ እህል አዮዲን ያንሰዋል፤ ዕጢዋም ያችኑ ጥቂት አዮዲን ለማጥመድ ስትታገል ታብጣለች። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ኢትዮጵያውያት ከሦስቱ ከአንዷ በላይ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በ2003 ዓ.ም. ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጥቷል። አዮዲን ያለው ጨው ተከድኖ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ሊቀመጥ፣ ወጥ ላይም ሊወጣ ሲል ሊጨመር ይገባል፤ አለበለዚያ አዮዲኑ በከንቱ ይባክናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ረጋ ብለን እንለይ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነውና። እንቅርትና የሆርሞን ማነስ አንድ ነገር አይደሉም። አንገቷ ላይ ትልቅ እንቅርት ያለባት ሴት ሆርሞኗ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። አንገቷ ላይ ምንም የማይታይባት ደግሞ ሆርሞኗ እጅግ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል በስሕተት የራሱን ዕጢ ሲያጠቃ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል። እንቅርቱን በቀዶ ሕክምና ያስወጣ ሰውም አለ። አንገቱ ስለቀለለ ዳንሁ ብሎ ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ የሆርሞኑ ምንጭ አብሮ መውጣቱን ያስረዳው ከሌለ ግን ወራት ሳይቆይ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ሌላ ሰው መሆን ስል አላጋነንሁም። ቲ-4 ወደ አንጎል ገብቶ ወደ ቲ-3 ይለወጣል፤ ቲ-3 ደግሞ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት፣ ስሜትንና ንቃትን የሚያስተካክሉ ኬሚካሎች በሚሠሩበት መንገድ ላይ ተጽዕኖ አለው። ሲያንስ ደስታ ይጠፋል፣ ጉጉት ይሞታል፣ የተነገረው ይረሳል፣ ንግግር ይጎተታል። አብሮም ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የፀጉር መሳሳት፣ የድምፅ መጎርነን፣ ያለ ምክንያት መወፈር፣ የወር አበባ መብዛት ይመጣል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከድባቴ ምልክቶች ጋር ይደራረባሉ፤ ሐኪም እንኳ በዓይን ብቻ አይቶ ሊለያቸው አይችልም።

በሰፈር ግን ስም የሚወጣው ቶሎ ነው። ጋቢ ደርባ ከምድጃው የማትርቀው ሰነፍ ትባላለች። ጎረቤት ሲመጣ ቀና ብላ የማታናግረው ኮራች ይባላል። ሲብስም ቡዳ በላት፣ ዛር ሰፈረባት ይባላል። ጠበል የሚሄድ ሰው እምነቱ ክቡር ነው፤ ማንም ሊነካበት አይገባም። የደም ምርመራውም ከጠበሉ ጋር አይጣላም፤ ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል። የሚያሳዝነኝ ሊታከም የሚችል ሕመም የጠባይ ጉድለት ተብሎ ዓመታት ማለፋቸው ነው።

የታይሮይድና የአእምሮ ሕመም ግንኙነት አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 አንድ የለንደን ሐኪሞች ማኅበር ኮሚቴ ዕጢያቸው የሰነፈችባቸውን ሕሙማን መርምሮ ግማሽ ያህሉ የአእምሮ መታወክ እንደነበረባቸው ዘገበ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ለአንዲት ሕመምተኛ በመርፌ ሰጠ፤ ሴትዮዋም ተሽሏት ሌላ 28 ዓመት ኖረች።

ሆርሞኑ ሲበዛስ? ያን ጊዜ ደግሞ ጭንቀት፣ ንጭንጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን ይመጣል፤ ሰውየው እየበላ ይከሳል። አረጋውያን ላይ ግን ተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ ሆርሞናቸው በዝቶ ሳለ ዝም ይላሉ፣ ይፈዝዛሉ፣ ምግብ ይጠላሉ።

ከሁሉ በላይ ልብ እንዲባሉ የምፈልገው የወለዱ እናቶችን ነው። ከወሊድ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ከ100 እናቶች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ታይሮይድ ትቆጣለች። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሆርሞኑ ይበዛና እናቲቱ ትረበሻለች፣ እንቅልፍ ታጣለች፤ ከአራተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ደግሞ ይወርድና ትደክማለች፣ ትከፋለች። የእኛን አገር የአራስ ወግ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የእናትና የእኅት ድጋፍ ሁሉ ክርስትናው እስኪደርስ፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን ነው። ሆርሞኑ መውረድ የሚጀምረው ጠያቂው ሁሉ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። እናቲቱ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ቀርታ እንባዋ ሲመጣ ልጅ አሳደገች እንጂ ምን ሆነች ይባላል። በዚህ ጊዜ የምትከፋ እናት የወሊድ ድባቴም ሊሆን ይችላል፣ የታይሮይድ ችግርም፣ ሁለቱም። የሚለያቸው የደም ምርመራ ብቻ ነው።

ምርመራው ቲ-ኤስ-ኤች ይባላል። ከአንጎል ሥር ያለችው የፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን የምታዝበት ሆርሞን ነው። ታይሮይድ ስትሰንፍ ፒቱታሪ ገደል ማዶ ያለን ሰው እንደሚጣራ ገበሬ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ ስለዚህ የቲ-ኤስ-ኤች ቁጥር ሲጨምር የታይሮይድ ሥራ መቀነሱን ያሳያል። ብዙ ላቦራቶሪዎች ከ0.4 እስከ 4.0 ገደማ ያለውን ጤናማ ይሉታል። ጤና ጣቢያው ምርመራው ከሌለው ወደ ሆስፒታል ሪፈር መጠየቅ መብት ነው። ለባይፖላር፣ ማለት ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ለሚልበት ሕመም፣ ሊቲየም የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ምርመራውን በየስድስት ወሩ ማድረግ ይኖርበታል፤ መድኃኒቱ ራሱ ታይሮይድን ሊያሰንፍ ይችላልና።

ሕክምናው ሌቮታይሮክሲን የተባለ እንክብል ነው፤ ለብዙዎች የዕድሜ ልክ ነው። በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወሰዳል። ቡና ከእንክብሉ ጋር ከተጠጣ መድኃኒቱ በደንብ አይሰርጽም፤ የጠዋቱ ጀበና ትንሽ ይቆይ። ለደም ማነስ የብረት እንክብል የምትወስድ ሴት ሁለቱን እንክብሎች በአራት ሰዓት ታራርቅ። በጾም ወራት ጠዋት መዋጥ የሚከብደው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ እራት ከበላ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ሊተኛ ሲል መውሰድ ይችላል። መጠኑ የሚስተካከለው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ደሙ እንደገና ሲታይ ነው፤ ስሜትም ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው። በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ መጣል ትልቅ ጉዳት ነው።

ድባቴ ያለበት ሰው ሁሉ ግን ታይሮይዱ ታማለች ማለት አይደለም፤ የአብዛኞቹ ጤነኛ ናት። የሆርሞኑ ማነስ እጅግ ቀላል ሲሆን እንክብሉ ስሜትን እንደማያሻሽል እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ አሳይቷል። ቁጥሩ ተስተካክሎ ኀዘኑ ካልለቀቀም ድባቴው በራሱ፣ በምክርና በመድኃኒት መታከም አለበት። ሞትን የሚመኝ፣ ራሱን ስለመጉዳት የሚያወራ ሰው ካለ ደግሞ የደም ውጤት አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰዳል።