ፒፒፒ ምንድን ነው? ኑሮን ከአገር አገር ለማወዳደር ምንዛሬ ለምን አይበቃም

ሦስት ሰዎች እናስብ። አንዱ ለንደን ነው፤ በወር 2,600 ፓውንድ እጁ ይገባል። አንዷ ሜልበርን ናት፤ 5,200 ዶላር ታገኛለች። ሦስተኛው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፤ 4,000 ዶላር ይደርሰዋል። የማን ኑሮ ይሻላል?

አብዛኛው ሰው ስልኩን አውጥቶ ሁሉንም ወደ ብር ይመነዝራል። ከዚያ ትልቅ ቁጥር የወጣለትን "እሱማ አልፎለታል" ይለዋል። ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀው ግን ሌላ ነው። ምንዛሬ የሚነግረን ገንዘቡ ባንክ ቤት ስንት እንደሚያወጣ ነው። ያው ገንዘብ በሚኖሩበት ከተማ ምን ያህል ቤት፣ ምን ያህል ዳቦ፣ ምን ያህል የአውቶቡስ ጉዞ እንደሚገዛ አይነግረንም። ለዚህ የተሠራው መለኪያ የመግዛት አቅም ምጣኔ ይባላል። በእንግሊዝኛ አጠራሩ ፒፒፒ ነው፤ እኛም እንዲሁ እንበለው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንድ ዘንቢል እናዘጋጅ። ወተት፣ እንቁላል፣ ዳቦ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ የፀጉር ቤት ሒሳብ፣ ከቤት ኪራይም ድርሻውን እንክተትበት። ያው ዘንቢል አሜሪካ በ100 ዶላር፣ እንግሊዝ በ70 ፓውንድ ይሞላል እንበል። በፒፒፒ 1 ዶላር ከ70 ፔንስ እኩል ሆነ ማለት ነው። ባንኩ ግን ለ1 ዶላር 75 ፔንስ ይሰጣል እንበል። 100 ዶላር ይዞ ለንደን የገባ ሰው 75 ፓውንድ ይመነዝራል፣ ዘንቢሉን ይሞላል፣ 5 ፓውንድ ይተርፈዋል። ስለዚህ ለዚያ ዘንቢል እንግሊዝ ትንሽ ትረክሳለች። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ የፒፒፒ ነገር ግን ከዚህ አያልፍም። ሁለት አገር ላይ አንድ ዓይነት ዘንቢል፣ ሁለት ዋጋ።

ስሙን ያወጣለት ጉስታቭ ካሰል የሚባል ስዊድናዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1918 (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓን ገንዘቦች አመሰቃቅሏቸው ነበርና የትኛው ገንዘብ ከየትኛው ጋር በስንት መመንዘር እንዳለበት ለማወቅ ዋጋዎችን ማስተያየት ያስፈልግ ነበር። ሰፊው ልኬት የተጀመረው ግን በ1968 ነው፤ የተባበሩት መንግሥታትና የአሜሪካው ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አብረው ጀመሩት። ዛሬ የሚያስተባብረው የዓለም ባንክ ነው። የ2021ዱ ዙር 176 አገሮችንና ግዛቶችን አካቷል። ለተራው አንባቢ ያስተዋወቀው ደግሞ ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት ነው፤ በ1986 ዘንቢሉን ትቶ አንድ በርገር ብቻ፣ ቢግ ማክን፣ መለኪያ አደረገ። በርገሩ በየአገሩ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስለሆነ ዋጋውን ማወዳደር ይቀላል።

ለምንድን ነው ምንዛሬና የመግዛት አቅም የሚለያዩት? ስልክ መርከብ ላይ ተጭኖ ከአገር አገር ይሄዳል። ስለዚህ ዋጋው የትም ቦታ ብዙ አይራራቅም። ፀጉር መቆረጥ፣ ልጅ ማስጠበቅ፣ ቤት መከራየት ግን መርከብ ላይ አይጫኑም። የሚከፈሉት በዚያው አገር ደመወዝና በዚያው አገር የመሬት ዋጋ ነው። የባንኩ ምንዛሬ ደግሞ ዶላር ፈላጊው በበዛና ባነሰ ቁጥር፣ ወለድ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ይናጣል። የኛኑ ብር ተመልከቱ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በእነዚያ ሳምንታት የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ በዚያው ልክ እጥፍ ሊሆን አልቀረበም። በዶላር ሲሰላ ደመወዛችን በግማሽ ሊወርድ ምንም አልቀረውም ነበር፤ አገር ውስጥ የሚገዛው ግን በዚያ ፍጥነት አልወረደም። ፒፒፒ የሚያየው ይህን ልዩነት ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አገሮች እንመለስ። ቋንቋቸው አንድ ስለሆነ ዋጋቸውም በአንድ ሰዋስው የሚነበብ ይመስላል። አይደለም። ለፒፒፒ ዋጋ የሚሰበስቡት ባለሙያዎች የሚመዘግቡት ሸማቹ በመጨረሻ የሚከፍለውን ነው። እኛ ግን የምንሰማው ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን ነው። በሁለቱ መካከል ብዙ ነገር አለ።

ከሁሉ የሚያሳስተው ቤት ኪራይ ነው። አሜሪካና ካናዳ ኪራይ ሲነገር የወር ነው። አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ግን የሳምንት ነው፤ ማስታወቂያው ላይ 600 ካለ በሳምንት 600 ዶላር ማለቱ ነው። እንግሊዝ በወር ነው፤ "ፒሲኤም" ተብሎ የሚጻፈው በቀን መቁጠሪያው ወር ለማለት ነው፤ በሳምንት የሚጠሩም አሉ። አሁን ሜልበርን ያየነውን 600 በ4 አባዝተን 2,400 ብንል ተሳሳትን። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። 600 በ52 ሲባዛ 31,200 ይሆናል፤ ለ12 ሲካፈል ወሩ 2,600 ነው። የ200 ዶላር ልዩነት! ይህ የአንድ ሰው የምግብ ወጪ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል። ደግሞም ከላይ የሜልበርኗን ደመወዝ ዶላር ስል የአውስትራሊያ ዶላር ማለቴ ነው። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ አራቱም ገንዘባቸውን ዶላር ይሉታል፤ አራቱም ግን የተለያየ ነው። ቲክቶክ ላይ "በሰዓት 30 ዶላር ይከፍላሉ" ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የየትኛው አገር ዶላር የሚለው ነው።

ኪራዩ ውስጥ ምን እንዳለም እንዲሁ ይለያያል። እንግሊዝ አገር ተከራዩ ከኪራዩ ሌላ ካውንስል ታክስ የሚባል ለማዘጋጃ ቤት ይከፍላል። አሜሪካ የቤቱን ግብር የሚከፍለው አከራዩ ነው፤ ተከራዩ ላይ ያለው በኪራዩ ውስጥ ተጠቃልሎ ነው። አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ለመያዣ የሚያዘው ገንዘብ "ቦንድ" ይባላል፣ ሌላው ጋ "ዲፖዚት" ነው። ቦንድ ሲባል ሰምቶ የመንግሥት ቦንድ ግዢ የሚመስለው አይጠፋም።

ምግብ ቤት እንግባ። ሜኑው ላይ 20 ተብሎ ተጽፏል። ሲድኒ ከሆነ 20 ዶላር ከፍሎ መውጣት ይቻላል፤ 10 በመቶው ታክስ ውስጡ አለ፣ ጉርሻ መስጠት ግዴታ ተደርጎ አይታይም። አንዳንድ ቤት እሑድና በዓል ቀን ጭማሪ ይጠይቃል። ለንደን ላይ 20 በመቶው ታክስ ውስጡ ነው፤ ብዙ ቤቶች ግን 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምሩበትና 22 ፓውንድ ከ50 ይሆናል። ይነሳልኝ ማለት ይቻላል። ሜሪላንድ ደግሞ 20 መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። 6 በመቶ ታክስ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይጨመራል። 20 በመቶ ቲፕ ሲደረግበት 4 ዶላር ይሆናል። ጠቅላላ 25 ዶላር ከ20። ቲፑን መተው ነውር የሆነበት ምክንያት አለ፤ በፌዴራሉ ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት እንዲከፍል የሚገደደው ቢያንስ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፤ ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። ብዙ ግዛቶች ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ እንጂ። አስተናጋጅ ሆነው የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ሕክምና ላይ ደግሞ ደመወዝ ብቻ ማወዳደር ጭራሽ ዋጋ የለውም። አሜሪካ የጤና ኢንሹራንሱ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ ከዚያም ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ራሱ የሚሸፍነው መጠን፣ እስኪሞላ ከኪስ ይከፈላል። እንግሊዝ ሐኪም ማየት በነፃ ነው፤ ለመድኃኒት ከ2024 ጀምሮ በአንድ ዓይነት 9 ፓውንድ ከ90 ይከፈላል፤ እሱም ለሕፃናትና ለአረጋውያን አይከፈልም። ስኮትላንድ ስትሻገሩ መድኃኒቱም ከ2011 ጀምሮ ነፃ ነው። ካናዳ ሐኪሙ በነፃ ነው፣ ጥርስና መድኃኒት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ። ልጅ ያለው ቤተሰብ የሕፃናት ማቆያውን ዋጋ ሳይጠይቅ ምንም ባይወስን ይሻላል፤ በብዙ ከተሞች ከኪራይ ጋር የሚፎካከር ወጪ ነው።

ስለ አነጋገርም ጥቂት ልበል፤ አዲስ ገቢ በሥራ ቦታ ገንዘብ ሲጠራ ቶሎ እንዲገባው ይጠቅመዋል። እንግሊዝ 1 ፓውንድ "ክዊድ" ነው፤ ብዙም ሲሆን ያው ክዊድ ነው። የ5 ፓውንድ ኖት "ፋይቨር"፣ የ10 "ቴነር"፣ 1,000 "ግራንድ"። አሜሪካም ሌሎቹ ባለዶላሮችም ዶላሩን "ባክ" ይሉታል። ካናዳ 1 ዶላሯ ሳንቲም ናት፤ ከ1987 ጀምሮ ሉን የምትባል የውኃ ወፍ ስለተቀረጸባት "ሉኒ" ትባላለች። የ2 ዶላሯ በ1996 ስትመጣ "ቱኒ" ተባለች። አውስትራሊያ ቢጫውን የ50 ዶላር ኖት "ፓይናፕል" የሚሉ አሉ። ኪስ ሲራቆት እንግሊዙ "ስኪንት ነኝ" ይላል፣ አሜሪካዊው "ብሮክ ነኝ"። እኛ ኑሮ አልቀመስ አለ የምንለውን ደግሞ እንግሊዞች "ኮስት ኦፍ ሊቪንግ" የሚለውን ቆራርጠው "ኮዚ ሊቭስ" አሉት፤ የአውስትራሊያው ማኳሪ መዝገበ ቃላት የ2023 የዓመቱ ቃል አድርጎ መረጠው። ሁለት ሩቅ አገሮች አንድ ጭንቀት እንደተጋሩ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ፒፒፒ ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ለአንድ አገር አንድ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ለንደንና የሰሜን እንግሊዟ ከተማ ሰንደርላንድ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ፤ ኪራያቸው ግን አይገናኝም። አሜሪካኖች ይህን ስላወቁ የንግድ ሚኒስቴራቸው የየግዛቱንና የየከተማውን የዋጋ ልዩነት ለብቻው ያወጣል። ሁለተኛ፣ ዘንቢሉ የአማካይ ቤተሰብ ነው። ጤፍና በርበሬ የሚገዛ፣ በየወሩ ወደ አገር ቤት የሚልክ ቤተሰብ አማካይ አይደለም። ሦስተኛ፣ የተለካው ነገር ራሱ ሊያሳስት ይችላል። አየርላንድ በፒፒፒ በተሰላ የነፍስ ወከፍ ምርት ከአሜሪካ በላይ ትቀመጣለች። ምርቱ ውስጥ ግን እዚያ የተመዘገቡ የውጭ ትልልቅ ኩባንያዎች ትርፍ አለበት፤ የደብሊን ሠራተኛ ጋ የማይደርስ ገንዘብ ነው። አየርላንዶች ራሳቸው ይህን የሚቀንስ ሌላ መለኪያ ከ2017 ጀምሮ ያወጣሉ።

ስለዚህ አገሮችን ለማወዳደር ፒፒፒ ከምንዛሬ እጅግ ይሻላል። እኔ ልሂድ ወይስ ልቅር ለሚል ሰው ግን የራሱን ዘንቢል እንዲሠራ እመክራለሁ። የሚኖርበትን ሰፈር ኪራይ፣ የልጅ ማቆያ፣ የትራንስፖርት፣ የሕክምናና የአስቤዛ ወጪ ይጻፍ። ሁሉም የወር ይሁን፣ ሁሉም ታክስ የገባበት ይሁን፣ ደመወዙም ተቆራርጦ እጅ የሚገባው ይሁን። የአውስትራሊያ ማስታወቂያ ላይ "ፕላስ ሱፐር" ካለ ያ 12 በመቶ ለጡረታ የሚቀመጥ ነው፤ እጅ አይገባም። ከዚያ ወጪውን ከገቢው ይቀንስና የሚተርፈውን ይይ።

ምንዛሬ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በሚኖሩበት አገር የሚበላው ገንዘብ የሚለካው በዚያው አገር ዋጋ ነው። ወደ ቤተሰብ የሚላከው ግን የሚለካው በባንኩ የዕለት ዋጋ ነው፤ ፒፒፒ እዚያ አይገባም። ሁለት ሰዎች እኩል የተደላደለ ኑሮ ኖረው አንዱ በተረፈው ከሌላው ብዙ ብር ሊልክ ይችላል። ብዙ ላኪው የግድ የተሻለ ኖሮ አይደለም፤ የተረፈው ገንዘብ ባንክ ላይ ጠንካራ ስለሆነ ነው። ኪራይዋን፣ ትራንስፖርቷንና ምግቧን ከፍላ ኒው ዚላንድ 500 ዶላር የተረፋት፣ ለንደን ላይ 500 ፓውንድ ከተረፋት እህቷ በብር ከግማሽ በታች ትልካለች።