እውነት የሚመስል ሌላ ዓለም፦ ስለ ዲዝኒና ዩኒቨርሳል ፓርኮች የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ባለፈው ሐምሌ የእህቴን ልጆች ይዤ የዲዝኒና የዩኒቨርሳል ፓርኮች ወዳሉባት የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ከተማ ኦርላንዶ ሄጄ ነበር። ከመነሳታችን በፊት ያልመከረኝ ሰው የለም። «ዩኒቨርሳል ስክሪን ብቻ ነው፣ ገንዘብህን አታባክን» ያለኝ አለ። «ዲዝኒ የሕፃናት ነው፣ ትልልቆቹ ይሰለቻቸዋል» ያለኝም አለ። ብዙዎቹን ምክሮች እኔም ለዓመታት አምኜባቸው ኖሬአለሁ። ቦታው ላይ ቆሜ ሳያቸው ግን አብዛኞቹ ልክ አይደሉም።

የማወራው መጫወቻዎቹ ስንት እንደሚፈጥኑ አይደለም። አንድ ፓርክ ሰውን እንዴት አድርጎ ሌላ ዓለም ውስጥ እንደሚያስገባው ነው። ሕንፃው፣ ሙዚቃው፣ ሽታው፣ ምግቡ፣ የሠራተኛው ልብስ፣ የቆሻሻ መጣያው ሳይቀር አንድ ታሪክ ሲያወሩ ሰው መኪናውን የት እንዳቆመ ይረሳል። እኔን የሚማርከኝ ይሄ ሥራ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ይህን ጥበብ የፈጠረው ዲዝኒ ነው»

ዲዝኒላንድ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተከፈተው በ1955 ነው። ኔዘርላንድስ ያለው ኤፍቴሊንግ የተባለው ፓርክ ግን የተረት ጫካውን የከፈተው ከዚያ 3 ዓመት ቀድሞ፣ በ1952 ነው። ጫካውን የነደፈው ሠዓሊው አንቶን ፒክ ነበር። እዚያ አፉን የከፈተ ወፍራም ልጅ የሚመስል ቆሻሻ መጣያ አለ። «ወረቀት እዚህ!» እያለ ይጣራል። ሕፃናት እሱን ለማጉረስ ሲሉ መሬት ላይ የወደቀ ወረቀት ይለቅማሉ።

ከዲዝኒላንድ ብዙም የማይርቀው ኖትስ ቤሪ ፋርም የተባለ ፓርክ ደግሞ አለ። የአሮጌ ከተማ አምሳያውን መሥራት የጀመረው በ1940 ነው። ምክንያቱ ቀላል ነበር። የዶሮ ጥብስ ሊበላ የመጣው ሰው ወረፋው ረዝሞበት እንዳይሰለች ነው።

ዲዝኒ ያመጣው ትልቅ ነገር ሌላ ነው፤ መዝጋት። ፓርኩን ዙሪያውን በአፈር ክምር ከበበው፣ በላዩ ላይ ባቡር አስኬደ። ውስጥ ያለ ሰው የውጭውን መንገድና የመብራት ምሰሶ እንዳያይ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ፓርኮች ብዙዎቹ ይህን ሐሳብ ወርሰዋል።

«ቤተ መንግሥቱ በጣም ግዙፍ ነው»

ፍሎሪዳ ያለው የሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ቁመቱ 58 ሜትር ገደማ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው የመጀመሪያው ደግሞ 23 ሜትር ብቻ ነው። ስታዩት ግን ከዚያ በጣም የሚረዝም ይመስላችኋል።

ዘዴው እንዲህ ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ድንጋዩም መስኮቱም መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ዓይን ደግሞ ትንሽ ነገር ሲያይ «ራቅ ያለ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። መግቢያው መንገድ ላይ ያሉት ሱቆችም እንዲሁ ናቸው፤ የላይኛው ፎቅ ከታችኛው ያነሰ ነው።

ለምን ከፍ አድርገው አልሠሩትም ትሉ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ 200 ጫማ፣ ማለትም 61 ሜትር ገደማ የደረሰ ሕንፃ ለአውሮፕላን ደኅንነት ሲባል ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያስፈልገዋል። ተረት ቤት ላይ ደግሞ ቀይ መብራት አይሆንም። ስለዚህ አኒማል ኪንግደም በተባለው የፍሎሪዳ ዲዝኒ ፓርክ ያለው የ«ኤክስፔዲሽን ኤቨረስት» መጫወቻ ተራራ 199 ጫማ ተኩል ላይ ቆመ። ግማሽ ጫማ ሲቀረው!

«ሠራተኞቹ የሚሄዱት በምድር ቤት ዋሻ ነው»

ፍሎሪዳ ያለው ማጂክ ኪንግደም የተባለው የዲዝኒ ፓርክ ሥር የሠራተኞች መተላለፊያ እንዳለ ብዙ ሰው ሰምቷል። መኖሩ እውነት ነው። ከመሬት በታች ነው መባሉ ግን ስህተት ነው። የፍሎሪዳ መሬት ትንሽ ሲቆፈር ውኃ ያወጣል። ስለዚህ መተላለፊያው መጀመሪያ መሬት ላይ ተሠራ። ከዚያ ከፊት ለፊት ያለውን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲቆፍሩ የወጣው አፈር ዙሪያውን ተሞላ፣ ፓርኩ ከላይ ተሠራ። እናንተ መሬት ላይ የቆማችሁ ሲመስላችሁ የቆማችሁት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ የተለፋው የካውቦይ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ የወደፊቱን ዘመን በሚያሳየው የፓርኩ ክፍል መሀል ሲያልፍ እንዳይታይ ነው። ካሊፎርኒያ ላይ ዋልት ዲዝኒን ያበሳጨው ይሄ እንደነበር ይነገራል።

«ዲዝኒ ለጌጡ፣ ዩኒቨርሳል ለፍጥነቱ»

ብዙ ጊዜ የምሰማው ይሄኛውን ነው፤ ረጋ ብዬ ልመልሰው።

የሁለቱ አነሳስ በእርግጥ የተለያየ ነው። ዲዝኒ ከመጀመሪያው የሚሠራበትን ዘዴ ይደብቃል። ዩኒቨርሳል ደግሞ ዘዴውን በማሳየት ነው የጀመረው። በ1964 ሆሊውድ ውስጥ የጀመረው ጉብኝት ሰዎችን ጭኖ የፊልም መቅረጫ ሰፈሮቹን ያሳይ ነበር። ደስታው «አሃ፣ እንዲህ ነው ለካ የሚሠሩት!» ማለቱ ላይ ነበር። በ1990 የተከፈተው የፍሎሪዳው ፓርክም በዚያው መንፈስ የተሠራ ነው። የዚያን ዘመን ዩኒቨርሳል ያየ ሰው «እዚያ ሌላ ዓለም የለም» ቢል አልፈርድበትም።

ግን በ1999 አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር ተከፈተ። ያ ፓርክ ገና ከጅምሩ በየደሴቱ የተለያየ ዓለም ነበረው። በ2010 ደግሞ የሃሪ ፖተር መንደር ሆግስሚድ እዚያው ውስጥ ተከፈተ፤ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። የፊልሞቹን ቦታዎች የነደፉት ስቱዋርት ክሬግ በዲዛይኑ ተሳትፈዋል። ሱቆቹ ጠባብ ናቸው፤ ሰው ተጋፍቶ ነው የሚገዛው። ለነጋዴ ይሄ ኪሳራ ይመስላል። ታሪኩ ውስጥ ግን መንደሩ ጠባብ ስለሆነ ጠባብ ተደረገ። ኮካ ኮላም አይሸጥም፤ የጠንቋዮች መንደር ውስጥ ኮካ ከየት ይመጣል? በምትኩ የታሪኩን ቢራ መሰል ጣፋጭ መጠጥ ይሸጣሉ። የፍሎሪዳ ሐምሌ እያቃጠለን ጣሪያው ላይ በረዶ ተከምሯል። ሽንት ቤት ስትገቡ እንኳ የምታለቅስ የሙት መንፈስ የሆነች ልጅ ድምፅ ትሰማላችሁ።

በ2014 በመጀመሪያው የፍሎሪዳ ፓርክ ውስጥ የተከፈተው ሌላው የሃሪ ፖተር ሰፈር፣ ዳያጎን አሊ፣ ለእኔ ከዚህም ይበልጣል። ከውጭ የምታዩት ተራ የለንደን ሰፈር ነው። «መግቢያው ይሄ ነው» የሚል ምልክት የለም። የጡብ ግድግዳ ስንጥቅ አልፋችሁ ስትገቡ አንድ ሙሉ ጎዳና ይገጥማችኋል፤ ጫፉ ላይ ባንኩ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ እሳት የሚተፋ ድራጎን አለ። የእህቴ ትልቁ ልጅ 15 ዓመቱ ነው፤ ነገር ብዙም አይገርመውም። እዚያ ጋ ሲደርስ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ሁለቱን ፓርኮች የሚያገናኘው ባቡርም አለ። ሲሄድና ሲመለስ በመስኮቱ የሚታየው ታሪክ ይለያያል። ለመሳፈር ሁለቱንም ፓርክ የሚያስገባ ትኬት ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያውቅ ሄዶ የሚመለስ ሰው ስላለ ነው የምናገረው።

ዲዝኒ እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም። ሆግስሚድ በተከፈተ በዓመቱ፣ በ2011፣ የአቫታር ፊልምን ዓለም እንደሚሠራ አስታወቀ፤ በ2017 ከፈተው። በ2019 የስታር ዋርስ ከተማ ተከተለ። ዩኒቨርሳል ደግሞ በ2025 ኤፒክ ዩኒቨርስ የተባለውን አዲስ ፓርክ ከፈተ። እዚያ ወደ እያንዳንዱ ዓለም የምትገቡት በአንድ በር ነው፤ በሩን እስክታልፉ ውስጡ ያለውን በደንብ አታዩም። ይሄኮ ዋልት ዲዝኒ በ1955 በአፈር ክምር የሠራው ሥራ ነው። ተቀናቃኞቹ አንዱ የሌላውን ትምህርት ወስደዋል።

«ስክሪን ካለ ስሜቱ የለም»

ችግሩ ስክሪኑ አይደለም። አቫታር ላይ ያለው የበረራ መጫወቻ ዋናው ነገሩ ስክሪን ነው። ግን እንደ ሞተር ሳይክል የምትቀመጡበት ነገር በእግራችሁ መሀል ይተነፍሳል። ልክ እንደ እንስሳ ሆዱ ያብጥና ይሟሽሻል። ነፋሱ ይመጣል፣ የጫካ ሽታ ይመጣል። ያን ጊዜ ስክሪን ፊት መሆናችሁን ትረሳላችሁ። የሚያስጠላው ስክሪን ዙሪያው ባዶ የሆነው ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ በሁለቱም ድርጅቶች ፓርክ አለ።

«ዝርዝሩ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

የስታር ዋርስ ከተማው ለዝርዝሩ አቻ የለውም። ጽሑፎቹ በዚያ ዓለም ፊደል ናቸው፤ የኮካው ጠርሙስ ክብ ቦምብ ስለሚመስል አየር ማረፊያ ላይ ችግር ፈጥሮ ነበር። ግን ሲከፈት ሰው ከልጅነቱ የሚወዳቸው አብዛኞቹ የድሮ ገጸ ባሕርያት አልነበሩበትም። ከተማዋም በፊልም ታይታ የማታውቅ ነበረች። ዝነኛው ሙዚቃም ያኔ በየመንገዱ አይሰማም ነበር። ጥብቅ ታማኝነት ነበር፤ አከብረዋለሁ። ሆኖም ሰው ወደማያውቀው ቤት በእንግድነት እንደመግባት ሆነበት። ሆግስሚድ ላይ ሰውን የሚያስለቅሰው ዝርዝሩ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች በምናባቸው ደጋግመው የሄዱበት ቦታ መሆኑ ነው።

በ2022 ደግሞ ዲዝኒ ሁለት ሌሊት የሚታደርበት የጠፈር መርከብ ሆቴል ከፈተ። ተዋናዮቹ ቀኑን ሙሉ ከእንግዳው ጋር ይጫወታሉ፣ መስኮቱ ውጭ ጠፈር ነው። ለሁለት ሰው ከ4,800 ዶላር አካባቢ ይጀምር ነበር። በ2023 መስከረም ማብቂያ ላይ ተዘጋ። የገቡት ብዙዎች በጣም ወደውት ነበር። ዋጋው ግን ከቤተሰብ አቅም በላይ ነበር።

«ምርጡ አሜሪካ ነው ያለው»

ብዙ አዋቂዎች ከዲዝኒ ፓርኮች ሁሉ የሚያስቀድሙት ቶኪዮ ዲዝኒሲን ነው። እሱ ደግሞ የዲዝኒ ንብረት አይደለም፤ የጃፓኑ ኦሪየንታል ላንድ ነው፣ ዲዝኒ ፈቃድ ሰጥቶ ያማክራል።

ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ ቅርባችሁ ነው። አቡዳቢ ያስ ደሴት ላይ በ2018 የተከፈተው ዋርነር ብሮስ ዎርልድ ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ ነው። ሰው «ጣሪያ ካለው ምን ዓለም አለው?» ይላል። እንዲያውም ጣሪያው ጠቅሟል። ሰማዩን ራሳቸው ስለሠሩት የባትማን ከተማ ሁልጊዜ ጨለማ ናት፤ አጠገቧ ያለችው የሱፐርማን ከተማ ደግሞ ብርሃን ናት። ውጭ ያለው ሙቀትም አይነካችሁም። ዲዝኒም በ2025 እዚያው ደሴት ላይ ፓርክ እንደሚሠራ አስታውቋል።

«የዲዝኒ አፍሪካ የውሸት አፍሪካ ነው»

ይህን እኔ ራሴ እል ነበር። አኒማል ኪንግደም ውስጥ ሐራምቤ የምትባል መንደር አለች። ስሟ ስዋሂሊ ነው፤ በኅብረት መሥራት ማለት ነው። አፍሪካን በሙሉ ልትወክል የተሠራች መስላኝ ተናድጄ ነበር የገባሁት።

ግን መንደሯ አፍሪካን ሁሉ እወክላለሁ አትልም። የምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ አርአያዋ የኬንያዋ ላሙ ነች። ፓርኩን የነደፈው የጆ ሮዲ ቡድን ቦታው ድረስ ሄዶ አጥንቷል። ግድግዳው ላይ «ኡሁሩ 1961» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ለመንደሯ የነጻነት ዓመት ፈጥረውላት ማለት ነው። ቀለሙ የተላጠ ነው። ስንጥቁ፣ ዝገቱ፣ ተደራርቦ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሁሉ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የባኦባብ ዛፎቹም ሲሚንቶ ናቸው።

የቀረው ቅሬታዬ አልጠፋም። የአፍሪካን ከተማ ስንጥቋንና አራዊቷን ብቻ አይቶ የሚመለስ ልጅ ሌላውን ማን ያሳየዋል? ኢፕኮት በተባለው ሌላው የፍሎሪዳ ዲዝኒ ፓርክ ያለው የሞሮኮ ቤት ለዚህ ጥሩ መልስ ይመስለኛል። ንጉሥ ሐሰን ሁለተኛ የላኳቸው ባለሙያዎች ሸክላውን በእጃቸው ደርድረውታል፤ የባለቤቶቹ እጅ አለበት ማለት ነው። ዲዝኒም ያንን ስለሚያከብር ሌላ ፓርክ ውስጥ ያለ ረጅም ሕንፃ ከሞሮኮ ጀርባ ሲታይ እንዳያበላሸው የጣሪያውን ቅርጽና ቀለም አመሳስሎ ሠርቶታል።

ሐራምቤ ላይ ትንሿ የእህቴ ልጅ «ይሄ የእማማ አገር ነው?» አለችኝ። «አይደለም፣ ይሄ ባሕር ዳር ያለ የጎረቤቶቻችን አገር ነው፤ የእማማ ደጋ ነው፣ ብርድ ነው» አልኳት። ግድግዳውን በጣቷ ስትነካ ቆየች። ማታ አያቷ ከአዲስ አበባ ስትደውልላት መጀመሪያ የነገረቻት ስለ አንበሳው አልነበረም። «እማማ፣ ግድግዳውን አውቀው ነው የሰነጠቁት!» አለቻት።