በስፒድዌይ 8 እና 2 እኩል የሚሆኑት እንዴት ነው?

አዳማ ላይ ስፒድዌይን (የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ነው) በስልክ የምንከታተል ሰዎች “ለብሔራዊ ቡድን ማን ይመረጥ?” ሲባል ወዲያው አማካይ ነጥብ እንጠቅሳለን። ግን በእንግሊዝ ሊግ 8 ያለው ተወዳዳሪ በፖላንድ 2 ካለው አይበልጥም። የፖላንዱ የአንድ ሩጫ አማካይ ነው፤ እንግሊዞች ደግሞ በ4 ያባዙታል። እንዲያውም የፖላንድ ሊግ ከባድ ስለሆነ እኔ የፖላንዱን አስቀድማለሁ።

ሌላው ቦነስ ነው። በአንድ ሩጫ 4 ሞተሮች 4 ዙር ይሮጣሉ፤ ነጥቡ 3፣ 2፣ 1፣ 0 ነው። ከቡድን ጓደኛው ቀጥሎ፣ ተጋጣሚ አስከትሎ የገባ 1 ቦነስ ያገኛል። ስለዚህ ጓደኛውን ተከትሎ 2ኛ የወጣ ልጅ አማካዩ ላይ ልክ እንደ አሸናፊው 3 ይያዝለታል። ለቡድኑ ውጤት ግን ቦነሱ አይቆጠርም። መራጭ ብሆን መጀመሪያ ቦነሱን ቀንሼ ነው የማየው።