«ተረቴን መልስ፣ አፌን በዳቦ አብስ»፦ መላሹ የት ሄደ?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ፣ ሪፖርት አቅራቢው ወረቀታቸውን አጠፉና «እንግዲህ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ከመድረክ ወረዱ። ሰው አጨበጨበ፤ እጁን ያወጣ ግን አልነበረም። አባባሉን «ጨርሻለሁ፣ አመሰግናለሁ» ለማለት የሚጠቀሙበት በዝተዋል። እኔ ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ተራ ማስረከቢያውን የወሬ መዝጊያ አደረጉት።

ያደግሁት ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ነው። ማታ ከብቱ ገብቶ፣ ላሞቹ ታልበው ሲያበቃ የጎረቤት ልጆች ሁሉ አያቴ ምድጃ ዙሪያ እንሰበሰባለን። መጀመሪያ እንቆቅልህ ነው፤ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፣ አንዱ ጎንደርን፣ አንዱ ሐረርን። ቀጥሎ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እንላለን። አያ ጅቦ ይታለላል፣ ጦጢት ታመልጣለች። ተራኪው «ተረቴን መልስ» ሲል ጣቱን አንዳችን ላይ ይቀስራል፤ የተጠቆመው ልጅ ተረት አለበት። የሌላውን መድገም ነውር አልነበረም። ገና አፉን እየፈታ ያለ ሕፃን እንኳ አይታለፍም። ገና ከመጀመሩ አህያዋን ለጅብ ያስበላትና ይጨርሳል፤ ከዚያ እርሱም በተራው ኮራ ብሎ «ተረቴን መልስ» ይላል፤ ቀጣዩም ሳያቅማማ ይቀበለዋል።

ዳቦው ታዲያ ከየት መጣ? ቤት ለመምታት ነው የሚሉ አሉ። አልቀበልም፤ «መልስ»ን ቤት የመታው «አብስ» ነው እንጂ ዳቦ አይደለም። እኔ የማምነው ድፎ ዳቦ ነው ብዬ ነው። ሊጡ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ከዚያ ምጣዱ ላይ ኮባ ተነጥፎ ይደፋበታል፣ በኮባ ይሸፈናል፣ ከላይ ሌላ ምጣድ ይከደንና ፍም ይደረግበታል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ልጅ ጦሙን እንቅልፍ ይወስደዋል። ተረቱን እናቶች ያመጡት ለዚሁ ይመስለኛል፤ ዝም ብሎ የሚሰማ ልጅ ያንጎላጃል፣ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ግን የሚያወራውን ሲያስብ ዓይኑን አይከድንም። መግቢያው በረት፣ መውጫው ዳቦ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ከብት ከገባበት ዳቦው እስኪወጣ ያለው ሰዓት የልጆች ነበር።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከመጣ በኋላ አባባ ተስፋዬ ለአሥርት ዓመታት ተረት ነገሩን፤ ውለታቸው ተከፍሎ አያልቅም። ግን ከሳጥኑ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ልጅ ተረቱን መመለሻ መንገድ አልነበረውም። የአባባሉ ግማሽ መላላት የጀመረው ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ በሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ ተረቱን ታነባለች፣ ልጆቹ ማሳረጊያውን በአንድ ድምፅ ይላሉ፣ ደወል ይደወላል፣ በቃ። እባካችሁ መምህራን፣ ደወሉ ትንሽ ይቆይ። አንዱን ልጅ አስነሡት፤ ጅቡ ከዚያ በኋላ የት እንደሄደ ይንገረን፣ አጠገቡ ያለችው ደግሞ ትቀበለው። የስብሰባ መሪዎችም አባባሉን ካነሣችሁ አይቀር ማይኩን ለተሰብሳቢው ስጡት።